ኡልቲማ 4ን በሦስት ማሽን ጎን ለጎን ስጫወት ያየሁት

የድሮ ሮል ፕሌይንግ ጌሞች (ገጸ ባሕርይ ሆነው የሚጓዙባቸው ጌሞች) ወሬ ከተነሳ የየትኛው ኮምፒውተር ቅጂ ይሻላል የሚለው ክርክር አያልቅም። አንዱ «የኮሞዶሩን የሚያክል የለም» ይላል። ሌላው «ዋናው የአፕሉ ነው» ብሎ ይሟገታል። እኔ ኮምፒውተርን ያወቅኩት በዊንዶውስ ዘመን ስለሆነ ለየትኛውም ወገን የማደላበት የልጅነት ትዝታ የለኝም። እንግዲያው ራሴ ልየው ብዬ ተነሳሁ።

የመረጥኩት ኡልቲማ 4ን ነው። ጌም ሠሪው ሪቻርድ ጋሪዮት በአፕል 2 ኮምፒውተር ላይ ሠርቶት በ1985 እ.ኤ.አ. በኦሪጅን ሲስተምስ ኩባንያ በኩል ወጣ። ከዚያ ወደ ሌሎች የዘመኑ ኮምፒውተሮች ተሻገረ፦ ኮሞዶር 64፣ አታሪ፣ አሚጋና ዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የፒሲ ሥርዓት)። በመጨረሻ ተዋግታችሁ የምትጥሉት ክፉ ንጉሥ የለበትም። ሐቀኝነት፣ ርኅራኄ፣ ትሕትና እያለ ስምንት መልካም ባሕርያትን በተግባር አሳዩ ይላል። ሱቅ ገብታችሁ ዓይነ ስውሯን ባለ ሱቅ በሂሳብ ብታታልሏት ጌሙ ይመዘግብባችኋል።

ሁሉንም ማሽን ማዳረስ ስለማይቻል አፕል 2፣ ኮሞዶር 64 እና ዶስ ላይ አተኮርኩ። የሄድኩት በሦስት ኢሙሌተር፣ ማለትም የድሮውን ማሽን በዛሬ ኮምፒውተር ላይ በሚያስመስሉ ፕሮግራሞች ነው፦ ለአፕል አፕልዊን፣ ለኮሞዶር ቫይስ፣ ለዶስ ዶስቦክስ። ትልቁ ጥያቄ ንጽጽሩን እንዴት እኩል ላድርገው የሚለው ነበር። መልሱን ጌሙ ራሱ ሰጠኝ። መጀመሪያ ላይ አንዲት ጠንቋይ ሰባት ጥያቄ ትጠይቃለች። እያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ባሕርያትን አቅርቦ «አንዱን ምረጥ» ይላል። ሁልጊዜ ሐቀኝነትን ከመረጣችሁ አስማተኛ ሆናችሁ ሙንግሎው ከተማ አጠገብ ትጀምራላችሁ። ከተማዋ ደሴት ላይ ናት። ላይሲየም የሚባለው የእውነት ቤተ መንግሥትም እዚያው ደሴት ላይ ነው። ስለዚህ በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ጉዞ አደረግኩ፦ ሙንግሎው ገብቶ ያገኙትን ሁሉ ማናገር፣ ወደ ላይሲየም መሄድ፣ መመለስ።

መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ቀለም ነው። ግን ቶሎ ይለመዳል። አፕል 2 ቀለም የሚያወጣው በቲቪ ሲግናል ብልሃት ነው። ነጥቧ ብቻዋን ስትሆን ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ብርቱካናማ ትመስላለች። ሁለት ጎን ለጎን ሲሆኑ ነጭ ይሆናሉ። ለዚህ ነው የዕቃው ሁሉ ጠርዝ ቀለም የነካካው የሚመስለው። የዶሱ ኢጂኤ በሚባለው የምስል ካርድ ላይ 16 ቀለም ያሳያል፣ ሲጂኤ በሚባለው ቀደምት ካርድ ላይ ግን በ4 ይወሰናል። እዚህ ላይ ልብ በሉ። አፕልዊን ላይ የሞኒተሩን ዓይነት ስትቀይሩ ጌሙ ሌላ ጌም ይመስላል። «የአፕሉ አስቀያሚ ነው» የሚል ሰው በየትኛው ሞኒተር አይቶት እንደሆነ መጠየቅ ነው።

ድምፁ ላይ ነው ልዩነቱ የሚያፈጥጠው። ኮሞዶር 64 ሲድ የሚባል የድምፅ ቺፕ አብሮት ስለተሠራ ሙዚቃው ያለ ምንም ተጨማሪ ዕቃ ይመጣል። ሜዳ ላይ አንድ ዜማ፣ ከተማ ስትገቡ ሌላ፣ ውጊያ ሲነሳ ደግሞ ሌላ። አፕል 2 ላይ ሙዚቃውን ለመስማት ሞኪንግቦርድ የሚባል ካርድ ለብቻው መግዛት ያስፈልግ ነበር። ካርዱ ከሌለ ጠቅ ጠቅ ብቻ ነው። ዶሱስ? ጭራሽ ሙዚቃ የለውም። ያንኑ ደሴት በዝምታ ስዞረው መንገዱ የረዘመ መሰለኝ። «እኔ በዶስ ስጫወት ሙዚቃ ነበረው» የሚል ካጋጠማችሁ ውሸታም አትበሉት። አድናቂዎች በኋላ የሠሩት ፓች (ጌሙ ላይ የሚጫን ማሻሻያ) ሙዚቃና 256 ቀለም ይጨምርለታል፣ እሱን አይቶ ይሆናል።

ያልጠበቅኩት ግን ፍሎፒው፣ ጌሙ የሚጫንበት ተነቃይ ዲስክ፣ የሚያመጣውን ለውጥ ነው። በአፕልና በኮሞዶር ጌሙ በዲስኮች ተከፋፍሏል፦ የመጀመሪያው ፕሮግራም፣ የዓለሙ ካርታ፣ ከተሞቹ፣ ዋሻዎቹ። ከተማው በር ላይ ቆማችሁ ኢ የሚለውን ፊደል ስትጫኑ ጌሙ ይቆምና የከተሞቹን ዲስክ አስገቡ ይላል። ስትወጡ እንደገና መቀየር ነው። ኮሞዶሩ ላይ ደግሞ 1541 የሚባለው ዲስክ ማንበቢያ ድራይቩ በቀርፋፋነቱ የታወቀ ነው። ቫይስ ላይ ድራይቩን በእውነተኛ ፍጥነቱ እንዲሠራ ተውኩት። ሳላስበው አጨዋወቴ ተቀየረ። አንዴ ከገባሁ ሰውን ሁሉ ሳላናግር፣ የነገሩኝን ወረቀት ላይ ሳልጽፍ አልወጣም። በዶስ ሁሉም ነገር ሃርድ ዲስክ ላይ ስለነበር ዘው ብዬ ገብቼ ዘው ብዬ እወጣለሁ። ማስታወሻዬም ግማሽ ሆነ። ብዙዎች ቅድሚያ የሚያደርጉት ኢሙሌተሩን ማፍጠን ነው። ለመጫወት ይመቻል፤ ለማነጻጸር ግን ዋናውን ልዩነት ነው የሚያጠፋው።

በነገራችን ላይ ኪቦርዱም ቀላል ነገር አይደለም። ሰው የምታናግሩት ቃል እየጻፋችሁ ነው። አንዱ የነገራችሁን ቃል ይዛችሁ ሌላ ከተማ ሄዳችሁ ሌላውን ትጠይቁታላችሁ። ጌሙ ኪቦርድ ወደሌለው ወደ ኔንቴንዶ የጌም መጫወቻ ሲዛወር ንግግሩ በጣም ቀለለ፤ ፈልፍሎ የማግኘቱ ደስታም አብሮ ሄደ።

የቱን ልጀምር ለሚል ሰው፦ ጎግ በሚባለው የጌም መሸጫ ድረ ገጽ ላይ የዶሱ በነጻ ይገኛል፣ ፓቹን ጨምሩበት። ለጆሮ ከሆነ ኮሞዶር 64፣ ጋሪዮት በመጀመሪያ እንዴት እንዳሰበው ለማየት ከሆነ አፕል 2 ከነሞኪንግቦርዱ። በየትኛውም ብትጫወቱ ግን አብሮ የሚመጣውን የአስማት መጽሐፍ ቀድማችሁ ክፈቱ። የአስማቱን ቅመም ራሳችሁ ናችሁ የምትቀላቅሉት፣ ጌሙ ውስጥ አሠራሩ ተዘርዝሮ አይሰጣችሁም። መርዝ የሚያረክሰው ለምሳሌ ጂንሰንግና ነጭ ሽንኩርት ነው። ነጭ ሽንኩርቱን እንኳ መጽሐፉን ሳልከፍትም እገምተው ነበር።