ቢሮ ሲከፈት ልጆቹ ክፍል ናቸው

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት የአስተዳደርና የድጋፍ አገልግሎት ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። መዝገብ ቤት፣ ሒሳብ ክፍል፣ ንብረት ክፍል፣ ግዥ፣ ወጥ ቤት፣ ጥበቃ፣ ጽዳትና የመኝታ ቤት ተቆጣጣሪዎች በእኔ ሥር ነበሩ። ስለ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲወራ የሚነሳው መምህሩና ፈተናው ነው። ልጁ ከክፍል ሲወጣ ግን የሚያገኘው እነዚህን ሰዎች ነው። ስለዚህ ስለ እነሱ ልጻፍ።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ሰዓት ነው። የመንግሥት የሥራ ሰዓት ይታወቃል፤ ከዓርብ በቀር ጠዋት ከ2፡30 እስከ 6፡30፣ ከሰዓት ከ7፡30 እስከ 11፡30። እኛም የምንሠራው በዚያው ነበር። ልጆቹም በዚያው ሰዓት ክፍል ናቸው። እነሱ ለምሳ ሲወጡ ቢሮውም ለምሳ ይወጣል። ከማጠናከሪያ ትምህርት ሲለቀቁ ደግሞ ገንዘብ ያዧ ቦርሳዋን አንግታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ናት። ተመላላሽ ተማሪ ቢሆን እናቱ መጥታ ትጨርስለታለች። የአዳሪ ልጅ እናት ግን ጎንደር ወይ ጅማ ነው ያለችው።

አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ የተቀደደ ፍራሹን ለማስቀየር ወረቀት ይዞ ሲንከራተት አየሁት። «ና አብረን እንሂድ» አልኩትና ወረቀቱን ይዘን ዞርን። መጀመሪያ የመኝታ ቤት ተቆጣጣሪው መፈረም አለበት። እሱ ሌሊቱን ሲጠብቅ አድሮ ተኝቷል። ቀስቅሰን አስፈረምነው። ቀጥሎ የዕቃ መጠየቂያው፣ ሞዴል 20፣ ተሞልቶ እኔ ፈረምኩበት። ከዚያ ንብረት ክፍል በሞዴል 22 ወጪ ማድረግ አለበት። የንብረት ክፍሉ ጋሼ ግን ከግዥ ሠራተኛው ጋር መርካቶ ወርደዋል። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነው። ልጁ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ አመለጠው፣ ፍራሹንም አላገኘም። ሁሉም ግን ሥራ ላይ ነበር። ሰነፍ ሠራተኛ አልነበረም የገጠመን።

ሠራተኞቹን ሰብስቤ ይህንኑ እንደሆነው ነገርኳቸው። መፍትሔው የመጣው ከእነሱ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ መዝገብ ቤት፣ ሒሳብና ንብረት ክፍል እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ይሁኑ፤ ያመሸ ሰው በማግሥቱ አርፍዶ ይግባ ተባለ። ለተቆጣጣሪዎቹም ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ ፍራሽ፣ አምፖል፣ ሳሙና በስማቸው ወጪ አድርገን ሰጠናቸው። ማታ ለልጁ ያስፈርሙና ይሰጣሉ፤ በወሩ መጨረሻ ያወራርዳሉ። «ኦዲተር ቢመጣስ?» ብለው የፈሩ ነበሩ። ኦዲተር የሚያየው ፊርማው መሟላቱን ነው እንጂ ዕቃው ቀን ይውጣ ማታ ግድ የለውም።

ወጥ ቤቱን በተመለከተ ትንሽ ላርዝም። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሽሮ፣ ክክ፣ ምስር፣ ጎመን ነው። የማይጾሙ ልጆችም አሉ። ሥጋ ሲመጣ ደግሞ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ይለያያል፤ ድስቱ፣ ቢላው፣ ማማሰያው ሁሉ ለየብቻ ነው። እኛ ጋ እጀታቸው ላይ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ማማሰያ ተምታታ ከተባለ ያን ቀን ልጅ ጦሙን ያድራል። ይህን እንደ ትንሽ ነገር የሚያይ ኃላፊ ባይመደብ ይሻላል።

በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። እኔ ሁለት የእራት ፈረቃ ላወጣ ወረቀት ላይ ስደምር ስቀንስ፣ የወጥ ቤት ኃላፊዋ እትዬ መጡና «ለምን እራቱን ለሁሉም አናዘገየውም?» አሉኝ። እራት 12 ሰዓት የነበረው ወደ 12፡45 ተገፋ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ። ሾርባውም በዘይት ተሠራ፣ ሳምቡሳውም የምስር ሆነ። የምስር ሳምቡሳ ለሁለቱም ጾም ይሆናል። ልጆቹ በአንድ ጠረጴዛ አፈጠሩ። ለሱሁር፣ ሙስሊሞቹ ጾም ከመያዛቸው በፊት ለሚበሉት፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የምትነሳው ወጥ ሠሪ ከቁርስ ሥራ ነፃ ሆነች።

ከዚያ በኋላ እትዬንና የጥበቃ ተጠሪውን በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ድሮ የሚገቡት መምህራንና የቢሮ ኃላፊዎች ብቻ ነበሩ። እሑድ ወላጅ ሲጠይቅ ማን ጠያቂ እንደሌለው ዘበኛው ያውቃል። ማን እንጀራውን ለጓደኛው እየሰጠ እንደሚነሳ ወጥ ቤት ያውቃል። እንዲህ የሚያደርግ አንድ ልጅ ነርሷ ጋ ተልኮ ታይፎይድ ሆኖ ተገኝቷል። የክፍል ኃላፊው መምህር ዝምተኛ ልጅ ነው ብሎ ነበር የሚያስበው።

ሌላው ቶሎ የሚነገር ነው። ልብስ ማጠቢያ ቀን በውኃ ፈረቃ ይወሰን፤ ቅዳሜ ተብሎ ተለጥፎ ውኃ የሚመጣው ረቡዕ ከሆነ ሮቶው ባዶ ይቀራል። ጤፍ ደግሞ አዲሱ ምርት ሲገባ፣ ጥር አካባቢ፣ እህል በረንዳ ወርዶ ዋጋ ማየት ያስፈልጋል። ነሐሴ ላይ ፕሮፎርማ መሰብሰብ የጀመረ ትምህርት ቤት ክረምት ያወጣውን ዋጋ ይከፍላል።

ክሊራንስም፣ ልጁ ትምህርት ሲዘጋ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ዕዳ እንደሌለበት የሚያስፈርመው ወረቀት፣ እንደዚሁ ልጅ ሲያንከራትት ኖሯል። የክፍለ ሀገር አውቶቡስ የሚወጣው ገና ሳይነጋ ነው። ልጁ ግን የቤተ መጻሕፍት፣ የንብረት፣ የሒሳብ፣ የመኝታ ቤትና የክሊኒክ ፊርማ ሊያሟላ ሲሯሯጥ ይመሻል፤ አንዱ ከጎደለ መኪናው ያመልጠዋል። አሁን በመጨረሻው ምሽት ፈራሚዎቹ በሙሉ መመገቢያ አዳራሽ አንድ ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ። ልጁ ከአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው ጨርሶ ይወጣል።

ያልተፈታው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው። የቢሮ ሠራተኛ አርፍዶ መግባቱ ሊበቃው ይችላል። ሌሊት ተነስታ እሳት የምታነድ ወጥ ሠሪ ግን ደመወዟ ከሁሉም ያንሳል፣ ገንዘብ ነው የሚገባት። ይህን ቦታ የምትረከቡ ካላችሁ፣ በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል ብላችሁ ሰኔን አትጠብቁ። ጥያቄው የሚላከው ከወራት በፊት ነው። የሌሊት ሥራውን መዝግባችሁ፣ አስፈርማችሁ፣ ከበጀት ጥያቄው ጋር አያይዙት።