ጃኩን የነቀልኩ ቀን

ይሄን ታሪክ እስከ ዛሬ ሳላወራው የቆየሁት ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ነው። የሌላ ሰው ጥፋት ቢሆን ኖሮ በሳምንቱ ከተማው ሁሉ ይሰማው ነበር።

2014 ዓ.ም. ላይ ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ጠባብ ቢሮ ተቀጠርኩ። ሥራው ድምፅ ማዳመጥ ነው። ሰው ለስልኩ በአማርኛ ያወራውን እንሰማለን፣ ማሽኑ «እንዲህ ነው ያለው» ብሎ የጻፈውን እናያለን፣ ስህተቱን እናርማለን። አንዱ ቅጂ ቢበዛ አሥራ አምስት ሰከንድ ነው። በቀን ሦስት አራት መቶ እንጨርሳለን። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አልተነገረንም። ቢሮው ራሱ ከሌላ አገናኝ ድርጅት ተቀብሎ ነው የሚያሠራን። ምስጢር እንደምንጠብቅ ፈርመናል። የማንን ምስጢር እንደሆነ ግን አንዳችንም አልጠየቅንም፤ ሥራ ላገኘ ሰው ይሄ የሚጠየቅ ጥያቄ አይመስልም።

የመጀመሪያው ወር ጭቅጭቃችን ሁሉ ስለ ፊደል ነበር። «ሠራ» ነው «ሰራ»? «ፀሐይ» ነው «ጸሃይ»? አንድ ወጥ ነገር ካልተሰጠው ማሽኑ ይደናገራል ተባልን። ሰው የሚቀጠረውም ለዚህ ነው። ማሽን ብቻውን አማርኛ አይለምድም፤ እንደ ሕፃን ልጅ «እንዲህ አይባልም፣ እንዲህ ነው» የሚለው ይፈልጋል። ከጽሑፉ ሌላ ምልክት የምናደርግባቸው ትንንሽ ሳጥኖች ነበሩ። ጫጫታ፣ ሙዚቃ፣ ሳቅ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ ሳል። ሳል ካለ ስንተኛው ሰከንድ ላይ እንደሆነ ጭምር ይሞላል። ሲዳምኛ ከተቀላቀለበት «ሌላ ቋንቋ» የሚለውን ነክተን እናልፋለን። ማሽኑ አለፈው እንጂ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ መች ያልፈዋል? አፉን የፈታው በሲዳምኛ ነው። ብቻውን ሲስቅ እናየው ነበር።

በቅጂው ላይ ስም የለም። ስልክ ቁጥር የለም። ረጅም ኮድ ብቻ። አለቃችን «ማንም ማን እንደሆነ አይታወቅም» ይለን ነበር፣ እኛም አመንን። እያደር ግን ጆሮ ይሠላል። ሴትዮዋ የምግብ አሠራር ትጠይቃለች፣ ከኋላዋ ባጃጅ «አቶቴ! አቶቴ!» እያለ ይጣራል። ሰውዬው መልእክት ያጽፋል፣ ዙሪያው የአሞራ ገደል የአሳ ገበያ ሁካታ ነው። ኮዱ ሺህ ቁጥር ቢኖረው ምን ዋጋ አለው፣ እኔ እኮ ከዚያ ገበያ ነው አሳ የምገዛው።

አሥር ሰዓት ሲሆን እትዬ አስካለ ቡና ታፈላለች። የቢሮው ሠራተኛ አይደለችም። ደረጃው ሥር ነው የምትሠራው፤ ለእኛ ግን ረከቦቷን ይዛ ሦስተኛ ፎቅ ትወጣና በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ስለ ልጇ ሳታወራ ቶናው አይደርስም። ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ዘንድሮ ይመረቃል፣ ለሃንድአውት ኮፒ ይሄን ያህል ላክሁለት፣ ለሪሰርች ደግሞ ይሄን ያህል። «ኢንጂነር ሲሆን ሊፍት ያስገባላችኋል» ትለን ነበር።

እንግዲህ ያን ቀን አንድ ቅጂ ከፈትኩ። ወጣት ልጅ ነው። «እማዬ እንዴት ዋልሽ፣ ለሪሰርቹ ማሳተሚያ ሦስት ሺህ ብር ላኪልኝ» ብሎ ለስልኩ ያጽፋል። አራተኛው ሰከንድ ላይ ሳለ። ሳጥኑን ሞላሁ። ተናግሮ ሲጨርስ ማይኩ አልተዘጋም፤ ዝም ካላሉት በራሱ አይዘጋም። አጠገቡ ያለ ጓደኛው የሆነ ነገር አለው መሰለኝ፣ ልጁ ድምፁን ቀይሮ እየሳቀ «ተወኝ እስቲ! ዲስሚስ ሆኜ ስድስት ወሬ ነው ልበላት?» አለ። ቅጂው እዚያ ላይ ቆመ።

በጣም ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ሳቄ ያሳፍረኛል፣ ያኔ ግን እንባዬ እስኪመጣ ነው የሳቅሁት። ሁላችንም ተማሪ ነበርን፣ ሁላችንም ለሃንድአውት ብለን ተቀብለን ሻይ የጠጣን ነን። «ኑ ይሄን ሪሰርቸር ስሙት!» አልኩና የጆሮ ማዳመጫውን ጃክ ከኮምፒውተሩ ነቀልኩት። ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ሰዉ ሳቀ። ደገምኩት። እንደገና ሳቁ።

እትዬ አስካለ ከሰል እያራገበች ነበር። እጇ ቆመ።

«እስኪ ድገሚው፣ የኔ ልጅ» አለችኝ።

እሷም ልትስቅ መስሎኝ ጣቴን ዘረጋሁ። ከዚያ ፊቷን አየሁ። የቱን ቁልፍ እንደምጫን ያወቅሁት በዚያች ቅጽበት ነው፤ «ላክ» የሚለውን ነካሁት። የተላከ ቅጂ ተመልሶ አይመጣም።

«ጠፋ እትዬ። ተልኳል።»

«ተላከ? ወዴት?»

መልስ አልነበረኝም። ወዴት እንደሚሄድ በእውነት አላውቅም ነበር። አቦሉን ለሁላችን ቀዳች፣ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም። ቶናውን ሳታፈላ ዕቃዋን ሰብስባ ወረደች። ከሁላችን የጠጣ የለም ማለት ይቻላል። ሲዳምኛ የሚሰማው ልጅ ብቻ ቀስ ብሎ «እሱ ነው እንዴ?» አለኝ። ዝም አልኩት።

ማታ ቤቴ ገብቼ በስልኬ ፈለግሁ። እንዲህ ያለ ሥራ የምንሠራ ሐዋሳ ውስጥ ያለን እኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም ሁሉ ሲያወራበት ከርሟል። የአማዞን የድምፅ ረዳት የአሌክሳ ቅጂዎች ከአሜሪካ እስከ ሮማንያና ህንድ ድረስ ሰው ያዳምጣቸው ነበር። የአፕልን የድምፅ ረዳት ሲሪን የሚያዳምጡ የኮንትራት ሠራተኞች ሐኪምና ታካሚ የሚያወሩት፣ ባልና ሚስት የሚተኙበት ጭምር ይደርሳቸው እንደነበር ዘ ጋርዲያን ጻፈ። የዚፕ ድምፅ ሳይቀር ሲሪን በስህተት ያስነሳት ነበር አሉ። አፕል በኦገስት ሥራውን አቆመ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከዚያ ወዲህ ፈቃደኛ የሆነውን ሰው ቅጂ ብቻ እንደሚያሰማ አስታወቀ። የፍርድ ቤቱ ክርክር ግን ቀጥሎ፣ በኋላ እንደሰማሁት፣ እ.ኤ.አ. በ2025 አፕል በ95 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቶ ጨረሰ፤ ጥፋት ግን አላመነም።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን የቤልጅየሙ ነው። ደች በሚነገርበት የቤልጅየም ክልል፣ በፍላንደርስ፣ ያለው የብሮድካስት ጣቢያ ቪአርቲ የጉግል ረዳት የቀዳቸውን ከሺህ በላይ ቅጂዎች ከአንድ አዳማጭ አግኝቶ ሰማ። 153ቱ ማንም ሳይጠራው በስህተት የተቀዱ ነበሩ። ጉግል ሰው የሚሰማው 0.2 በመቶውን ብቻ ነው አለ። በቅጂዎቹ ላይም የባለቤቱ ስም የለም። ጋዜጠኞቹ ግን ሰዎች ራሳቸው ሲናገሩ የተሰማውን አድራሻ ይዘው በር አንኳኩ፣ ቅጂውን ከፍተው አሰሙ፣ ሰዎቹም የራሳቸውንና የልጃቸውን ድምፅ አወቁት።

የፍላንደርስ ደች የሚያወራው ሕዝብ ትንሽ ነው። ያ አዳማጭ የሚሰማው የአገሩን ሰው ነው። እንግሊዝኛ የሚያወራ ሰው ድምፁን ማን እንደሚሰማው አያውቅም፤ ምናልባት ውቅያኖስ ማዶ ያለ ሰው ነው፣ ቢስቅበትም መንገድ ላይ አይገናኙም። አማርኛን ግን የሚያርም አማርኛ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የሚቀመጠው እዚሁ ነው። የሐዋሳውን የሐዋሳ ልጅ ይሰማዋል። ቋንቋው ባነሰ ቁጥር አዳማጩ ጎረቤት ይሆናል። ከቅጂው ላይ ስሙን አስወገድን የሚሉት ሰዎች ይሄን የገመቱት አይመስለኝም። እናት የልጇን ድምፅ ለማወቅ ስም ትፈልጋለች?

በማግስቱ ለአለቃችን ራሴ ነገርኩት። እንዲያባርረኝ ጠብቄ ነበር። የሦስት ቀን ደመወዝ ቀጣኝና ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። ጃክ መንቀል ክልክል ነው፣ ስልክ በር ላይ ይቀመጣል፣ የውጭ ሰው አይገባም። የመጨረሻው እትዬ አስካለን ነው። በስህተት ተቀድቶ የሚመጣውን ቅጂ ምን እናድርገው ስለሚለው ግን አንዲት መስመር አልነበረችም። «ሳትጽፉ ልትመልሱት የምትችሉበት ቁልፍ ይደረግልን» ብዬ ጠየቅሁ። «ደንበኛው የሚከፍለው ለተጻፈ ነው» ተባልኩ። ሕገ መንግሥቱ እንኳ በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 26 ሰው በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት አይደፈርም ብሏል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የወጣው በ2016 ዓ.ም. ነው፣ ያኔ ቢሮውም ተዘግቶ እኛም ተበትነን ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ያደረግሁት ነገር ትንሽ ነው። ስልኬ ላይ ድምፄ እንዲቀመጥ የሚፈቅደውን አጠፋሁ። የጉግል አካውንት ውስጥ ማጥፊያ አለው፤ አይፎን ላይም ሲሪን ለማሻሻል ቅጂ ማጋራት የሚለው ይዘጋል። የእናቴንና የእህቴንም አጠፋሁላቸው። እህቴ «እኔን ማን ይሰማኛል?» ብላ ሳቀችብኝ። «እኔ» አልኳት።

እትዬ አስካለ ሳምንት ሙሉ ጠፋች። ስትመለስ ደረጃው ሥር ተቀመጠች፣ እኔም እየወረድኩ መጠጣት ጀመርኩ። ስለ ልጇ አታነሳም። እኔም አልጠይቅም። ሁለት ወር ያህል ስለ ስኳር ዋጋና ስለ ዝናብ ብቻ አወራን። አንድ ቀን ሲኒውን ስትሰጠኝ እጄን ሳትለቅ ቆየች።

«ያ ልጅ» አለች፣ ቀና ሳትል። «ያን ዕለት ያሰማሽን። ሲያወራ የሳለ መሰለኝ። ጉንፋን ይዞታል እንዴ?»

«አዎ እትዬ» አልኳት። «አንዴ ሳለ።»