ብሬን ማን ወሰደው?

ባንክ ቤት መስኮት ላይ የሚቀመጥ ሰው ከሐኪም ቀድሞ የሚያየው ነገር አለ። የሰው ማስታወስ መዳከም ሲጀምር ገንዘቡ ቶሎ ይምታታበታል። በፈረንጆቹ 2020 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት፣ የመርሳት በሽታ የያዛቸው ሰዎች በሽታው በሐኪም ከመታወቁ እስከ 6 ዓመት ቀድመው ክፍያ መዝለል እንደሚጀምሩ አሳይቷል። ጥናቱን ያነበብኩት በኋላ ነው። ነገሩን ያየሁት ግን ደሴ፣ እኛው ቅርንጫፍ ውስጥ ነው።

ሐጂ ልበላቸው። ስማቸውን ብጠራ ፒያሳም ሸዋ በርም የሚያውቃቸው ስለማይጠፋ ይቅር። በጉብዝናቸው ከባቲ ደሴ እየተመላለሱ የነገዱ፣ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ ናቸው። ወሎዬ ጨዋታ ካወቀ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሰልፉ የቱንም ያህል ቢረዝም ሐጂ ካሉበት ማንም አያጉረመርምም።

በሽታውን የሸፈነላቸውም ይኸው ጨዋታቸው ነበር። የወጪ ቅጹ ላይ ሊፈርሙ እስክሪብቶውን ያነሳሉ። የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል ጽፈው ቀጥ ይላሉ። ቀና ብለው ያዩኝና፣ «ይሄ እስክሪብቶህ ምርቅን ብሏል መሰለኝ፣ እኔን ትቶ ራሱ እያሰበ ነው» ይላሉ። ሰልፈኛው ይስቃል። ግንባራቸው ላይ ግን ላብ ችፍ ብሏል። ደሴ ላይ፣ በሐምሌ ብርድ!

ከዚያ ጥያቄው ይደጋገም ጀመር። ጠዋት መጥተው ሂሳባቸውን ይጠይቃሉ። እንነግራቸዋለን። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ይወጣሉ። ረፋድ ላይ ይመለሳሉ። ከዙህር ሶላት በኋላ ደግሞ ይመጣሉ። አንድ ቀን ድምፃቸው ከፍ አለ።

«ብሬን ማን ወሰደው?»

ወጪው የራሳቸው ነው። ከጥቂት ቀናት በፊት እዚያው መስኮት ላይ ቆጥረው ወስደውታል። አንዱ ወጣት ባልደረባዬ ቅጹን ከፋይል አወጣና፣ «ሐጂ፣ ይኸው የእርስዎ ፊርማ!» ብሎ ፊታቸው ዘረጋው። አቀረቡት፣ አራቁት። «ይሄ የእኔ እጅ አይደለም» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ «ልጄ ነው የበላኝ።»

ሰልፉ ጭጭ አለ።

ልጃቸው ሸዋ በር ሱቅ አለው። የአባቱን ቤት ወጪ የሚሸፍነውም እሱ ነው። ደሴ ላይ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል፣ ሳይመሽ ሰማ። በማግስቱ ደረሰኝ የሞላ ፌስታል ይዞ መጣና ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። የመድኃኒት፣ የመብራት፣ የጤፍ። «ሌባ ተባልኩ። በገዛ አባቴ፣ በሰው ፊት» አለ። ጢሙ ሽበት ጣል ያደረገበት ትልቅ ሰው ነው፣ እንባውን በፌስታሉ ጫፍ ጠረገው።

የባሰው ደግሞ የአባቱን ሂሳብ ልናሳየው አለመቻላችን ነው። የደንበኛ ሚስጥር ነዋ። እሱ ንጹህነቱን ሊያስረዳን ደረሰኝ ያፈሳል። እኛ ንጹህ መሆኑን እያወቅን አፋችንን ይዘን እናየዋለን።

ነገሩን የያዘችው ዋና ካሸራችን ናት። እናቷን በዚሁ በሽታ አስታማ ቀብራለች። ልጁን ወንበር ሰጥታ፣ «ወንድሜ፣ የእኔ እናትም ወርቄን አንቺ ሰረቅሽኝ ትለኝ ነበር» አለችው። «አባትህ አንተን መስደቡ አይደለም። ብሩ የት እንደደረሰ ጠፍቷቸዋል። የሆነ ሰው ወስዶት መሆን አለበት ብለው ሲያስቡ ደግሞ አጠገባቸው የሚያገኙት አንተን ነው።»

ሐኪሞችም ከዚህ የራቀ አይሉም። ከመርሳት በሽታዎች ሁሉ በብዛት የሚታየው አልዛይመር ነው። እሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገር የሚመዘግበውን የአንጎል ክፍል ነው። የትናንቱ ሳይጻፍ ይቀራል፣ የጥንቱ ይቆያል። የጎደለውን ሰውየው በግምት ይሞላዋል፣ ግምቱን ደግሞ እንደ እውነት ያምነዋል። ተሰረቅሁ ማለት በዚህ በሽታ የተለመደ ነው፤ ስሙ የሚነሳውም ብዙ ጊዜ ቀን ከሌት የሚያስታምመው ሰው ነው።

ሐጂ በሌላ ቀን እንደገና «ብሬን!» ሲሉ ካሸሯ ከመስኮቱ ወጥታ እጃቸውን ያዘች። ቅጽ የለ፣ ፊርማ የለ። «አብሽሩ ሐጂ፣ ብርዎ አለ። የምጠብቀው እኔ ነኝ» አለቻቸው። አስቀመጠቻቸውና ቡና አዘዘች። «እስቲ ባቲ ሰኞ ገበያ ግመል እንዴት ነበር የሚገዛው?» አለች። በቃ፣ ሐጂ ተመለሱ! አፋሩ ከየት በኩል እንደሚገባ፣ ኦሮሞውና አማራው የት የት እንደሚቆም፣ የግመል ጥርስ እንዴት እንደሚታይ፣ ማን እንዳታለላቸው፣ እሳቸውስ ማንን እንዳታለሉ። ፊርማቸውን ያጡት ሰውዬ ይሄን ሁሉ አንዲት ሳያዛንፉ ነገሩን።

አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት አለ፣ በፈረንጆቹ 2014 የታተመ። አልዛይመር የያዛቸውን ሰዎች አሳዛኝ ፊልም አሳዩአቸው። ከደቂቃዎች በኋላ ፊልሙን አብዛኞቹ ዘነጉት፤ ኀዘኑ ግን ከውስጣቸው አልወጣም። እኔ በዚህ ጥናት አልተደነቅሁም። ሐጂ ያ ቅጽ ፊታቸው የተዘረጋበትን ቀን ጨርሶ አያስታውሱም። የዚያን ወጣት ባልደረባዬን መስኮት ግን እስከ ዛሬ አይጠጉም፤ ወረፋው ባዶ ቢሆን እንኳ የእኔን ቆመው ይጠብቃሉ።

ቡናው ላይ ለካሸሯ የነገሯት ነገር ደግሞ አለ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ እየጠፋሁ ነው። አውቄዋለሁ» አሏት። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ጨዋታ?» ስትላቸው፣ «ሰው ሳይስቅብኝ ቀድሜ ላስቀው ብዬ እኮ ነው።» እኛ ታማሚው ምንም አያውቅም፣ የሚጨነቀው ቤተሰቡ ነው እንላለን። በተለይ መጀመሪያው ላይ እንዲህ አይደለም።

ከዚያ ልጁ ሆስፒታል ወሰዳቸው። ጎረቤቱ «እድሜ ነው፣ ጃጅተዋል» ሲል ነበር። ጂን ነው ያለም አለ። ቤት ውስጥ ዱዓ ተደርጎላቸዋል፣ እሱም ደግ ነው፣ ቢያንስ ያን ቀን ብቻቸውን አልዋሉም። ሐኪሙ ደማቸውን አስመረመረ። የቫይታሚን ቢ 12 እጥረትና የእንቅርት ዕጢ መድከም ይሄንኑ ሊመስሉ ይችላሉ፣ እነሱ ደግሞ ይታከማሉ። ልጁ ከሁለቱ አንዱ በሆነ ብሎ ተመኝቶ ነበር። አልሆነም። የተሰጣቸው መድኃኒት ምልክቱን ትንሽ ቢያቀልም በሽታውን አያድንም።

የገንዘቡ ነገር ቀረ። ውክልና ያስፈልጋል። ግን የትኛው ልጅ ነው አባቱን «ውክልና ስጠኝ» የሚለው? «ሳልሞት ልትወርሱኝ ነው?» የሚል ይመጣል። ስንቱ ቤተሰብ በዚህ ይሉኝታ ጊዜው ያልፍበታል። ውክልና የሚሰጠው ሰጪው የሚያደርገውን ሲያውቅ ነውና፣ ካለፈ በኋላ ያለው መንገድ ፍርድ ቤት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ላለው ሰው ያስቀመጠው በፍርድ መከልከል የሚባል ሥርዓት ነው። አባትን በዳኛ ፊት «አእምሮው ደክሟል» ብሎ ማስመስከር ማለት ነው። የሐጂ ልጅ ለዚህ አልደረሰም። ጠዋት ጠዋት ራሳቸው ደህና ስለሆኑ፣ አንድ ጠዋት በሽማግሌ ተነገራቸው። ጥያቄ ጠየቁ፣ ትንሽ ተከራከሩ፣ ሄደው ፈረሙ። ፊርማዋ ያን ቀን እሺ አለቻቸው።

የባለቤታቸው ግን ሌላ ነው። ማታ ማታ ሐጂ እረፍት ያጣሉ። ገዛ ሳሎናቸው ውስጥ ቆመው «ወደ ቤቴ ልሂድ፣ መሸብኝ» ይላሉ። እሜቴ በሩን ቆልፈው ቁልፉን መቀነታቸው ውስጥ ይዘው ቁጭ ብለው ያድራሉ። አንድ ቀን አብረዋቸው ባንክ መጥተው አጫወቱን።

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ? አሉኝ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው። አባትሽን አውቀዋለሁ፣ ደግ ሰው ነው፣ ልጁን ሊድርልኝ ቃል ገብቶልኛል አሉኝ።»

ይሄን ሲሉ ይስቃሉ፣ በነጠላቸው ጫፍ ደግሞ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ካሸሯ፣ «እማማ፣ ማታ ማን ያግዝዎታል?» አለቻቸው። ይህን እስከዚያ ድረስ የጠየቃቸው አልነበረም፣ ሁላችንም ስለ ሐጂ ነበር የምንጠይቀው። ማንም እንደማያግዛቸው ሲነግሯት ስልካቸውን ተቀብላ፣ ኮምቦልቻ ላለችው ሴት ልጃቸው እዚያው ደወለች።

አሁን ልጅቷ በሳምንት ሁለት ሌሊት እየመጣች ታድራለች፣ እናትየው ይተኛሉ። ሐጂ ግን ቅሬታ አላቸው። ባለፈው መስኮቴ ላይ ጎንበስ ብለው፣ «አዲሷ ሠራተኛ ሸጋ ልጅ ናት፣ ቡና ላይ ግን ታሳርራለች» አሉኝ።