የቆሮሶ አጥንትና የእህቴ ማሽን

እህቴ ከዱባይ ጠቅልላ ስትመጣ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ይዛ መጣች። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ያለው ቤታችን ከገባ ዓመት ሊሞላው ነው። ግማሹን ጊዜ ግን ቆሞ ነው ያሳለፈው። እማዬ "ጥሩ የሳህን መደርደሪያ አመጣሽልኝ" እያለች ስትቀልድባት እልህ ያዘኝ። ጥገና መማር የጀመርኩት እንዲህ ነው።

የመጀመሪያው ችግር ውሃ አለመሙላቱ ነበር። ይነሳል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ይጮሃል፣ ይቆማል። "ውሃ የሚያስገባው ቫልቭ ተቃጥሏል" ብዬ ደመደምኩ። ስፒናውን ነቅዬ ቫልቩን በቴስተር ስለካው 3.8 ኪሎ ኦም አነበበ። ሽቦው ተቃጥሎ ቢበጠስ ኖሮ ምንም አያነብም ነበር። ጎማው ማሽኑ ላይ የሚታሰርበት ቦታ ትንሽ ወንፊት አለች። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ቡናማ ደለል ደፍኗታል። በጥርስ ብሩሽ አጠብኳት። ተሻለው እንጂ አልዳነም።

ነገሩ የገባኝ ማኑዋሉን ሳነብ ነው። ማሽኑ ቢያንስ 0.3 ባር ግፊት ይፈልጋል። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ 1 ባር ያህል ስለሚሰጥ፣ 0.3 ለማግኘት 3 ሜትር ያስፈልጋል ማለት ነው። የእኛ ሮቶ ግርጌው ከማሽኑ የሚበልጠው 2 ሜትር ብቻ ነው። ሮቶው ሲሞላ ማሽኑ ይሠራል፣ ሲጎድል ያኮርፋል። ለካ ይሄ ሁሉ ወር ጥፋቱ የሮቶው ነበር! በያጅ ጠርተን ማቆሚያውን አስረዘምነው።

ከዚያ የዓሣው ጉድ መጣ። እሑድ እንግዳ ነበረን፤ ከሐይቁ ዳር ቆሮሶ ተገዝቶ ተጠብሶ ተበላ። ማታ ማሽኑን ስከፍት ታች የጠቆረ ውሃ ተኝቷል። ማስወጫ ፓምፑ "እምምም" ይላል፣ ውሃው ግን ንቅንቅ አይልም። ድምፅ ካለ መብራት እየደረሰው ነው፤ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው። መጀመሪያ ስፒናውን ንቀሉ። 220 ቮልትና ውሃ ባለበት ጀግንነት የለም። ውሃውን በኩባያና በስፖንጅ ጨረስኩት። ማጣሪያውን ሳወጣ በደንብ ዞሮ አልተቆለፈም ነበር። የመጨረሻ ጊዜ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ከሥሩ ያለውን የፓምፕ ክዳን በካቻቢቴ አነሳሁ። ጣቴን ስሰድ አንድ ቀጭን የጎድን አጥንት ከምትዞረው ክንፍ ጋር ተሰንጓል። በፒንሳ ስቤ አወጣሁት። ክንፏን ሳዞራት ግን ሸርተት አትልም፤ ቀጥ እያለች እየዘለለች ትዞራለች። "አለቀላት" ብዬ አዲስ ፓምፕ ልፈልግ ስል፣ ፍሪጅ የሚጠግን ጎረቤታችን ሳቀብኝ። "ውስጡ ማግኔት ስላለ ነው፣ ጤነኛም እንዲሁ ነው የሚዞረው" አለኝ። ይቺን ያዙ፤ ብዙ ጤነኛ ፓምፕ በዚህ የተነሳ ሳይጣል አይቀርም።

ገጥሜ ሳበራው ደግሞ አዲስ ጣጣ! ፓምፑ ያለማቋረጥ ይዞራል፣ ውሃ አይገባም። ውሃውን ስቀዳ ያፈሰስኩት ወደ ታችኛው ትሪ ወርዶ ኖሯል። እዚያ ውሃ ሲኖር የምትንሳፈፍ ፕላስቲክ አለች። እሷ ከፍ ስትል ማሽኑ "እያፈሰስኩ ነው" ብሎ ያስባል፤ ሞልቶ ቤት እንዳያጥለቀልቅ ነው። ከወንድሜ ጋር አዘንብለን ውሃውን አፈሰስነው፣ የቀረውን በጨርቅ መጠጥነው። በማግስቱ እንደ አዲስ ሠራ።

ሽሮ የደረቀበት ድስት ግን አሁንም በእጅ ነው፤ ለእሱ ማሽኑ አቅም የለውም። እማዬ ዓሣ በተበላ ቁጥር ሳህኑን ሳትፈትሽ ማሽኑ ውስጥ አታስገባም። ቀጥሎ የምሠራው የበሩን ስፕሪንግ ነው፤ በከፈትኩት ቁጥር ጉልበቴ ላይ ይወድቃል።