ፕላስ ዋን

ላብራቶሪ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ጋሼ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፣ ሃምሳ አልፏቸዋል። ጎኔን ያመኛል ብለው መጡ። የሽንት መመርመሪያ ወረቀቷን፣ ስትሪፑን፣ ሽንታቸው ውስጥ ነከርኩና አንድ ደቂቃ ጠበቅኩ። ቢጫዋ የፕሮቲን ሳጥን ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ሆነች፤ ጥቂት ፕሮቲን አለ ማለት ነው። +1። በማይክሮስኮፕ ሳየው የኢንፌክሽን ምልክት የሆኑት ነጭ የደም ሴልም ባክቴሪያም የሉም። ጻፍኩና ወደ ቀጣዩ ዞርኩ። ፕላስ ዋን እኮ ትኩሳት ያለበትም፣ ሸክም ሲሸከም ያደረም፣ ውሃ ሳይጠጣ የዋለም ያወጣዋል። ዓይናችን ለምዶታል።

«የሽንት ኢንፌክሽን ነው» ተብሎ ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክ ታዘዘላቸው። በወሩ ተመለሱ።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬም የኔን ሽንት ነው የምትጠብቂው?» አሉኝ። ተሳሳቅን። እኔም ያንኑ +1 ጻፍኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። መዝገቡ እጄ ላይ ነበር፣ ሁለት ሦስት ገጽ ወደ ኋላ መግለጥ ምን ነበረበት?

በሦስተኛው ወር ያያቸው ዶክተር አዲስ ነበር። ወረቀቱን ይዞ መስኮታችን ላይ ቆመ።

«የፊተኛው ስንት ነበር?»

ገለጥን። ሦስቱም +1።

«ግፊታቸውን የለካ አለ?»

ዝም። እሱ ሲለካ 170 በ100።

ከዚያ እዚያው ቆሞ አስረዳኝ። የኩላሊት ወንፊት የተሠራው ከቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። ወንፊቱ አልቡሚን የሚባለውን የደም ፕሮቲን ማሾለክ ሲጀምር የደም ሥሮቹ ውስጠኛ ሽፋን መጎዳቱን ይናገራል፤ የልብም ደም ሥር ሽፋኑ ያው ዓይነት ነው። እኔ ደግሞ የልብ ወሬ ከኢሲጂ፣ ከልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ክፍል እንጂ ከሽንት ዕቃ ይመጣል ብዬ አስቤም አላውቅ!

ናሙናው ለአልቡሚንና ክሬቲኒን (ኩላሊት በሽንት የሚያስወጣው የጡንቻ ቆሻሻ) ንጽጽር ወደ ትልቅ ላብራቶሪ ተላከ። የጤነኛ ሰው አልቡሚን በአንድ ግራም ክሬቲኒን ከ30 ሚሊግራም በታች ነው፤ የሳቸው 210 ሆኖ መጣ። ስትሪፕ 30ን ትንሽ ያለፈውን ብዙ ጊዜ አያየውም፣ «ኔጌቲቭ» ብሎ ያሳልፈዋል። የስኳር ወይም የግፊት ሕመምተኛ ሲሆን ለዚህ ነው ስትሪፕ ብቻውን የማይበቃው። ኢሲጂው የግራ ልባቸው ጡንቻ መወፈሩን ጠቆመ። ደረታቸውን ግን አንድም ቀን አሟቸው አያውቅም።

ኢናላፕሪል የሚባል የግፊት መድኃኒት ጀመሩ፣ ጨው ተከለከሉ። ከወራት በኋላ ለክትትል መጡና በመስኮቱ አጎነበሱ።

«ባንቺ የተነሳ ጨው የሌለው ሽሮ እየበላሁ ነው። ዛሬስ ስንት ፕላስ ነው?»

መጀመሪያ መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ከዚያ ስትሪፑን አየሁ።

«ትሬስ ነው ጋሼ።»

«ትሬስ ደግሞ ምንድነው?»

«ከፕላስ ዋን በታች።»

«ታዲያ ጨው ይፈቀድልኛል?»

«ኧረ አይፈቀድም!»