የጋሼ ጣራ

ደሴ ዛሬም በጭጋግ ነው የነቃችው፤ ጦሳ ተራራ ጭራሽ አይታይም። የሰፈራችን ቅሬ (እድር) ልጆች ተጠራርተን የአንድ ጎረቤታችንን ጣራ ልንቀይር ሄድን። ክረምቱ ደርሷላ!

ጋሼ የድሮ ወታደር ናቸው። በ1970 ዓ.ም. ካራማራን በሁለት እግራቸው ነው ያለፉት። አንዱን ያጡት በኋላ፣ ሰሜን ላይ ነው። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን በክራንች ደሴ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ቤቱን ያቆሙት ባለቤታቸው ናቸው። እንጀራ እየሸጡ አራት ልጅ አሳደጉ። ስለ ጀግና ሲወራ ግን እትዬን የሚያነሳ የለም።

ቆርቆሮውን በቅሬው ገንዘብ ገዛን፤ ሚስማሩን አንድ ባለሱቅ ሰጠን። ጋሼ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዙናል። «ግራ ክንፍ፣ ተኝተሃል እንዴ!» የሚሉት እኔን ነው። እውነታቸውን ነው፤ ሚስማር ከማጉበጥ ሌላ የረባሁት ነገር የለም።

ከዚያ ለአስቤዛ ያዋጣነውን ብር ልንሰጣቸው ስንል አንዱ ልጅ ስልኩን አወጣ።

«ፎቶ ካለው ብሩን ይዛችሁ ሂዱ» አሉ ጋሼ።

ሁላችንም ጭጭ። ስልኩ ወደ ኪስ ተመለሰ። ይሄ ፖስት ፎቶ የሌለው ለዚህ ነው። እኔም የራሴን ላወጣ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም።

እትዬ ቡና አፈሉ። ምርቃቱ ረዝሞ አቦሉ ቀዘቀዘ፤ ወሎ ነዋ!

በጓዳው በኩል ሦስት ቆርቆሮ ጎድሎናል። የፊታችን እሁድ እንጨርሳለን። መሰላል ያላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ የዛሬውን ባለቤቱ ይፈልገዋል።