ዳግማዊ ሮጀርን ፍለጋ ፓሌርሞ

ከሮም ማታ ተሳፈርኩ። ጣሊያንን ከሲሲሊ ደሴት የሚለየው የሜሲና ወሽመጥ ጋ ሲደርስ ባቡሩ ራሱ ተቆራርጦ መርከብ ውስጥ ገብቶ ነው ባሕሩን የሚሻገረው፣ እሱን ለማየት ብዬ እንቅልፌን ትቼ መስኮት ላይ ተለጥፌ አደርኩ። ፓሌርሞ ገብቼ ሻንጣዬን አስቀመጥኩና በቀጥታ የድሮው የሲሲሊ ንጉሥ ዳግማዊ ሮጀር ጋ።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ አባቱ ሲሲሊን ከዓረቦች ተዋግቶ የያዘ ኖርማን (ከሰሜን ፈረንሳይ የመጣ) ነበር፣ በ1101 ሲሞት ሮጀር ገና የ5 ዓመት ልጅ፣ ታላቅ ወንድሙም ብዙ አልቆየም፣ እስከ 1112 ድረስ አገሩን ይዛ ያሳደገችው እናቱ ናት። በ1130 የገና ዕለት እዚሁ ፓሌርሞ ነገሠ። ንግሥናውን አልቀበልም ብሎ ጦር ይዞ የመጣበትን ፖፕ ኢኖሰንት 2ኛን ደግሞ በ1139 ማርኮ በግድ አስጸደቀው።

ይሄን ካወቃችሁ በኋላ ነው የማርቶራና ቤተክርስቲያን ሞዛይክ (በትንንሽ ባለቀለም ጠጠር የተሠራ ሥዕል) የሚገባችሁ። ያሠራው የንጉሡ የባሕር ኃይል አዛዥ፣ የአንጾኪያው ጊዮርጊስ ነው። ወርቅማ መደብ ላይ ሮጀር ጎንበስ ብሎ ቆሟል፣ ክርስቶስ ራሱ በእጁ ዘውዱን ይጭንለታል። ፖፕ የለ፣ ጳጳስ የለ። እኛ ስዩመ እግዚአብሔር እንል የነበረው ማለት እኮ ነው! ጠጋ ብዬ ሳየው የሁለቱ ፊት ይመሳሰላል፣ ጺማቸውም ጸጉራቸውም። ከሮጀር ራስ በላይ ‹ሮጌሪዮስ ሬክስ› ይላል፣ ሬክስ በላቲን ንጉሥ ነው፣ ፊደሉ ግን የግሪክ።

ቤተ መንግሥቱም እንደዛው ቅይጥ ነው። የጸሎት ቤቱ ግድግዳ የግሪክ ሞዛይክ፣ ጣሪያው ደግሞ የእስላም ባለሙያዎች የሠሩት እንጨት፣ እንደ ማር እንጀራ የተፈለፈለ፣ በየቀዳዳው ሙዚቀኛ ምናምን የተሳለበት፣ አንገቴ እስኪዝል ነው ያየሁት። በ1142 ላሠራው የውሃ ሰዓት ያስቀረጸው ጽሑፍም በላቲን፣ በግሪክና በዓረብኛ ነው። የዓለም ካርታ የሠራለት አል ኢድሪሲም ሙስሊም ነበር፣ ካርታው ላይ ደቡብ ወደላይ ስለሆነ ሐበሻና የአባይ ምንጭ ከአውሮፓ በላይ ናቸው፣ ደስ ሲል!

ግን ይሄው ንጉሥ በ1153 ፊሊጶስ የሚባለውን የራሱን አዛዥ በድብቅ እንደ እስላም ይሰግዳል ተብሎ ሲከሰስ በእሳት አስቃጥሎታል። እወደዋለሁ፣ ይሄን ግን ይቅር ልለው አልቻልኩም። በዓመቱ በየካቲት 1154 እሱም ሞተ።

መቃብሩ ፓሌርሞ ካቴድራል ውስጥ ነው። ቀይ የድንጋይ ሰሌዳ ተገጣጥሞ የተሠራ፣ ጎኑ ካለው ከልጅ ልጁ ከፍሬድሪክ 2ኛ መቃብር ጋር ሲተያይ ቀለል ያለ። እሱ የፈለገው ግን እዚህ መቀበር አልነበረም። በ1131 ቼፋሉ ከተማ ባስጀመረው ካቴድራል ነበር የተመኘው፣ ከአንድ ወጥ ቀይ ድንጋይ የተፈለፈሉ ሁለት የመቃብር ሳጥኖችም በ1145 እዛ አስቀምጦ ነበር። ሲሞት ፓሌርሞ ቀበሩት፣ በ1215 ደግሞ ፍሬድሪክ ሳጥኖቹን ወደ ፓሌርሞ አስመጣቸው፣ አሁን አንዱ ውስጥ የተኛው ራሱ ፍሬድሪክ ነው።

በነጋታው ባሕሩን ዳር ዳር ይዞ በሚሄደው ባቡር ቼፋሉ ሄድኩ። ሳጥኖቹ ይቀመጡ የነበሩበትን ቦታ ለማየት ነበር የመጣሁት፣ ዓይኔ ግን መሠዊያው በላይ ካለው ትልቅ ክርስቶስ ላይ ቀረ። የተከፈተ መጽሐፍ ይዟል፣ አንዱ ገጽ በግሪክ ሌላው በላቲን፣ ሁለቱም ‹እኔ የዓለም ብርሃን ነኝ› ነው የሚሉት። ሻማ አብርቼ ለሮጀርም ለፊሊጶስም ጸለይኩ።